ሕመምተኛው በቤቱ ምክር ውስጥ ስፍራ አለውን?

በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ አባት ወይም እናት በጽኑ ሲታመሙ፣ ከመድኃኒቱና ከገንዘቡ ጥያቄ አስቀድሞ የሚነሣ፣ ነገር ግን እምብዛም በግልጥ የማይነገር አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ስለ ሕመምተኛው በሚመከርበት ጊዜ ሕመምተኛው ራሱ ወዴት ነው? የሚለው ነው። በግልገል በለስም ሆነ በማንዱራ፣ በፓዌ የሰፈራ መንደሮችም ቢሆን ሁላችንም የምናውቀው ሥርዓት አለ። ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ከቤቱ ውጭ በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሐኪሙ ያለው ይነገራል፤ ወደ ባሕር ዳር ይወሰድ ወይስ ወደ አዲስ አበባ፣ በሬው ይሸጥ ወይስ ብድር ይፈለግ ተብሎ ይመከራል። ሕመምተኛው ከቀርከሃው ግድግዳ ወዲያ ተኝቶ ድምፁን ይሰማል፤ ቃሉን ግን አይለይም። ከመካሪዎቹ አንዱ ወደ ውስጥ ሲገባ ፊቱን አስተካክሎ፣ «አይዞህ፣ ቀላል ነው ብለዋል» ይለዋል።

ይህን ልማድ ለመንቀፍ መቸኮል አይገባም፤ ከክፋት የመጣ አይደለምና። ሕዝባችን ክፉ ወሬ ሰውን እንደሚሰብር ያውቃል። ስለዚህም መርዶ እንኳ በድንገት አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በጥንቃቄ ይረዳል። ለጤነኛው ይህን ያህል የሚጠነቀቁለት ከሆነ አካሉ ለደከመው ይልቁን ሊጠነቀቁለት ይገባል የሚለው አሳብ ከርኅራኄ የመነጨ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም እውነትን መግለጥ በፍቅር መመዘን እንዳለበት፣ ለማንኛውም ሰው በማንኛውም ሰዓት ሁሉን ነገር የመንገር ግዴታ እንደሌለ ያስተምራል (ቁ. 2488-2489)። እንግዲህ ጭንቀታችን ምን ያህል ይነገረው፣ መቼስ ይነገረው በሚለው ላይ ብቻ አይደለም። ከዚያ የሚጠልቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰውየውን ከገዛ ሕይወቱ ባለቤትነት ማን አወጣው? ሕመም የሰውን ጉልበት ይወስዳል፤ ሰውነቱን ግን፣ ማለትም አስቦ የመምረጥ ክብሩን፣ ሕመም ሊወስድበት አይችልም። ብዙ ጊዜ ይህን የሚወስዱበት የሚያፈቅሩት ናቸው።

ቅዱሳት መጻሕፍትን በዚህ ዓይን ብንመለከት የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ይስሐቅ አርጅቶ ዓይኖቹ በፈዘዙ ጊዜ በገዛ ቤቱ ውስጥ ከጀርባው ምክር ተመከረ (ዘፍ. 27)። ርብቃ የመከረችው ባሏን ስለ ጠላች አልነበረም፤ ለቤቱ የሚበጀውን ከዓይነ ስውሩ ይልቅ እርሷ አውቀዋለሁ ብላ እንጂ። የሚወደው ምግብ ተዘጋጀለት፤ ልብሱ፣ ጠጕሩ፣ ሁሉ ተስተካከለ። ሽማግሌው በድምፁ ቢጠራጠርም በእጁ የዳሰሰውን አመነ። ውጤቱን እናውቃለን፤ ይስሐቅ ነገሩን በተረዳ ጊዜ እጅግ ተንቀጠቀጠ፣ ወንድማማቾች ተለያዩ፣ ርብቃም የላከችውን ልጇን ዳግመኛ እንዳየችው መጽሐፉ አይነግረንም። የእግዚአብሔር አሳብ በዚያም በኩል ተፈጽሟል፤ ይህ ግን የቤቱን ቁስል አላስቀረም።

የዚያን ቤት ታሪክ ከሌላው ጫፍ የምናነበው በምዕራፍ 48 ነው። አባቱን ያታለለው ያዕቆብ አሁን በተራው ታሞ ተኝቷል፣ ዓይኖቹም ከሽምግልና የተነሣ ከብደዋል። ዮሴፍ ሁለቱን ልጆቹን ያቀርብለታል፤ ታላቁን በቀኝ፣ ታናሹን በግራ እንዲባርክ አድርጎ ራሱ ያቆማቸዋል። ያዕቆብ ግን እጆቹን አስተላልፎ ቀኙን በታናሹ ራስ ላይ ያኖራል። የግብጽ ሁሉ አስተዳዳሪ የሆነው ዮሴፍ ይህን ሲያይ ቅር አለው፤ አባቴ አላየም፣ ተሳሳተ ብሎ እጁን ይዞ ሊያነሣው ሞከረ። ሽማግሌው ግን እንደሚያውቅ ነገረው፤ ልጁን በቁጣ አልገሠጸውም፣ እጁንም አላነሣም። ስንቶቻችን ነን በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ እንደ ዮሴፍ የቆምነው? እጁ ሲንቀጠቀጥ አሳቡም የተንቀጠቀጠ መሰለን፤ ድምፁ ሲያንስ ምክሩም ያነሰ መሰለን። የደከመውን እጅ ይዘን እኛ ወደ መረጥንለት ራስ ልንመራው እንፈልጋለን።

ከገዛ ታሪካችንም ትልቁን ቤት እንመልከት። ዐፄ ምኒልክ ሕመሙ በጸናባቸው ዘመን፣ አንደበታቸው ገና ሳይያዝ፣ በ1901 ዓ.ም. ወራሻቸውን ራሳቸው ለሕዝቡ አሳወቁ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕመሙ በርትቶ መናገር ተሳናቸው። ከዚያ በኋላ በአልጋቸው ዙሪያ የሆነውን ሁሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈውታል፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር መኳንንቱ እቴጌ ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ ለይተው ባላቸውን እንዲያስታምሙ ወሰኑ (ማስታመም ከሥልጣን ለተሻረ ሰው የሚሰጥ ሥራ መስሎ መታየቱ ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነው)። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ዕረፍታቸው እንኳ ለሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። ያ ቤተ መንግሥት የመንግሥትን ፀጥታ ምክንያት ሊያደርግ ይችል ነበር። የእኛ ጎጆ ግን ምን ምክንያት አላት?

ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ ቤቱን እንዲያስተካክል በግልጥ ነገረው (ኢሳ. 38)። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ ነገር ግን ጸለየም። ልብ እንበል፤ ያ ጸሎት፣ ያም ዕንባ፣ ከዚያም የተጨመረለት ዐሥራ አምስት ዓመት እውነቱን ከሰማ በኋላ የመጡ ናቸው። ያልተነገረው ሰው ምን ብሎ ይጸልያል? ከማንስ ጋር ይታረቃል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ሕመምተኛውን እንመክራለን፤ እኛ ግን በሽታውን ከባለቤቱ እንደብቃለን።

በአካባቢያችን ደግሞ ይህ ነገር ለየት ያለ መልክ አለው። በጣና በለስ ፕሮጀክት ዘመን በተሠራው በፓዌ ሆስፒታል አማርኛ የማትችል አንዲት የጉሙዝ እናት በሐኪሙ ፊት ስትቀርብ የሚያስተረጕምላት አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት የገባው ልጇ ነው። ሐኪሙ ረጅም ቃል ይናገራል፤ ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ አጭር ቃል ይናገራል። በመካከል የቀረው የት ሄደ? ልጁ ስለ ፈራ፣ ስላዘነላት፣ ወይም ለነገሩ በቋንቋው ቃል ስላጣለት ውጦታል። በዚያች ቅጽበት የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የእናቱ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ካቴኪስት ወይም የጎለመሰ ጎረቤት አብሮ ቢሄድ ለእናትየው ብቻ ሳይሆን ለልጁም ታላቅ ምሕረት ነው፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ምሥጢር ብቻውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ አይመለስምና።

አሁን ወደ በሬው ነገር እንምጣ። አንድ አባወራ ኩላሊቱ ሥራውን ማቆሙ ተነገረ እንበል። የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚደረግ፣ ካልተተካም በቀር እስከ ሕይወት ፍጻሜ የማይቋረጥ ሕክምና ነው። ከግልገል በለስ ለሚሄድ ሰው ይህ ማለት ቤት ለቅቆ በከተማ መክረም ነው፤ አዲስ አበባ ከሆነም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መራቅ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ለብዙ ቤተ ሰብ ታላቅ እፎይታ ሰጥቷል፤ የመንገዱን፣ የቤት ኪራዩን፣ የአስታማሚውን ቀለብ ግን ያው በሬው ይሸከመዋል። ጥንዱ በሬ ሲሸጥ የሚመጣው ዓመት እርሻም አብሮ ይሸጣል።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1957 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ሰው ሕይወቱን ለመጠበቅ በተለመደው መንገድ ሁሉ የመጠቀም ግዴታ እንዳለበት፣ በራሱ ወይም በሌላው ላይ ከባድ ቀንበር የሚጭን ልዩ መንገድ ግን ግዴታ እንደማይሆን አስተምረዋል። የተለመደና ልዩ የሚባለውም እንደ ሰውየው፣ እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ሁኔታ ይመዘናል። ስለዚህ በሮም ከተማ ለሚኖር ሰው የተለመደ የሆነው በማንዱራ ገጠር ለሚኖረው ከባድ ቀንበር ሊሆን ይችላል። ይህን የምናነሣው ድሀ ሳይታከም ይሙት ለማለት አይደለም፤ ይህ ልዩነት መኖሩ ራሱ ወደ ሰማይ የሚጮኽ ነገር ነው። የምናነሣው ማን ይመዝን ለሚለው ነው። ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2278 እንዲህ ያለውን ውሳኔ መወሰን የሚገባው፣ አእምሮውና አቅሙ እስካለው ድረስ፣ ሕመምተኛው ራሱ መሆኑን በግልጥ ያስቀምጣል።

ያ አባወራ ቢጠየቅ ምን ይል ይሆን? «በሬዎቹን አትንኩ፤ ልጆቼ ይረሱባቸው፤ እዚህ በቤቴ የሚቻለው ይደረግልኝ» ሊል ይችላል። ወይም ደግሞ፣ «ታናሹ ልጄ ገና ነው፤ ሁለት ዓመት ብኖርለት እወዳለሁ፤ በሬዎቹን ሽጡና ሞክሩልኝ» ሊል ይችላል። ሁለቱም ቃል የክርስቲያን ቃል ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ራስን መግደል አይደለም፤ ሁለተኛውም ራስ ወዳድነት አይደለም። ነገር ግን በእርሱ አፍ የተነገረው «አትሽጡ» እና በዛፉ ሥር ያለ እርሱ የተነገረው «አይሸጥ» ቃላቸው አንድ ቢሆንም ሥራቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ ስጦታ ነው፣ ሌላው ግን ፍርድ ነው። እርሱ ሳያውቅ ስለተሸጠም በሬ እንዲሁ ነው። አባትየው ከሕክምናው ሲመለስ በረቱን ባዶ አግኝቶ፣ ስለ እርሱ ቤቱ መፍረሱን በዓይኑ አይቶ የሚሰማውን ኀዘን የትኛው መድኃኒት ያክመዋል?

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ፣ ኩላሊት የሚሰጠው ከዘመድ በመሆኑ፣ የቤተ ዘመዱ ምክር ከበሬ አልፎ ወደ ሰው አካል ደርሷል። እዚህ ላይ ዝም የሚባለው ሕመምተኛው ብቻ አይደለም። ሁሉ ዓይን በአንዱ ወንድም ላይ ሲያርፍ ወንድምየው እንቢ የማለት ነጻነት ይቀርለታልን? ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ስጦታ የፍቅር ሥራ ብላ ታመሰግናለች፤ ሰጪው በነጻ ፈቃዱ እንዲሰጥ ግን አጥብቃ ትሻለች። በዓይን የተጎተተ ስጦታ ስጦታ አይባልም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ታላላቆቹ ውሳኔዎች ነው። ነገር ግን ሰው ከቤቱ ምክር የሚወጣው በአንድ ቀን ታላቅ ስብሰባ አይደለም፤ በየዕለቱ በትንንሹ ነው። እናት ስትታመም በመጀመሪያ እንስራው ከጀርባዋ ይወርዳል፤ ይህ ተገቢ ነው። ቀጥሎ የጎተራው ነገር ይወሰዳል፤ ስንት ቁና ማሽላ እንደቀረ የምታውቀው እርሷ ነበረች፣ አሁን ማንም አይነግራትም። ከዚያም ወጡን ቅመሺ፣ ጨው አነሰው ወይ የሚላት ይጠፋል። ልጆቹ ሲጣሉ ወደ አክስታቸው ይሮጣሉ። ቡና ሲፈላ ሲኒው ይመጣላታል፣ ረከቦቱ ግን ከፊቷ ተነሥቷል። ሁሉም «አትድከሚ» በሚል የፍቅር ቃል ነው። አባት ሲታመም ደግሞ የድንበሩን ነገር ጎረቤት ከልጁ ጋር ይጨርሳል፤ ለእድሩ የሚወጣውን ልጁ ይወስናል፤ ሚስት ለማምጣት የመጣው ሽማግሌ እንኳ አባትየውን ሰላም ብሎ አልፎ ከአጎትየው ጋር ይቀመጣል።

በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለሚያልቅ ሕመም ይህ ጉዳቱ ትንሽ ይሆን ነበር። ዛሬ ግን ጽኑ ሕመም ብዙ ጊዜ ረጅም ኑሮ ሆኗል። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በሞት ጥላ ሥር የነበሩ ብዙዎች ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል፣ ልጆቻቸውን ድረዋል። የስኳር፣ የልብና የደም ግፊት ሕመምተኛም በመድኃኒት ብዙ ዘመን ይኖራል። ለሃያ ዓመት «አትድከም» የተባለ ሰው ለሃያ ዓመት በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ ማለት አይደለምን? 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ባወጣው ሕገ ደንብ ሰው ራሱን በቅንነት ካልሰጠ በቀር ራሱን ሊያገኝ እንደማይችል አስተምሯል። ይህ ቃል ለጤነኛ ብቻ የተነገረ አይደለም። ሕመምተኛው እንዲቀበል ብቻ እየፈቀድን እንዳይሰጥ ብንከለክለው የቀረለትን የሕይወት ግማሽ እኛው ነሣነው። የጴጥሮስ አማት ንዳዱ በለቀቃት ጊዜ ተነሥታ አገለገለቻቸው (ማር. 1፡31)፤ ጌታችንም አርፈሽ ተኚ ብሎ እንደመለሳት አልተጻፈም። ተቀምጦ ምስር መልቀም፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ለልጅ ፊደል ማስቆጠር፣ ቤቱን በጸሎት መባረክ፣ የተጣሉትን አስታርቆ ማስተኛት በአልጋ ላይም የሚሠራ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ሕመምተኛው በምክሩ ውስጥ ስፍራ አለው ስንል ምክሩ የእርሱ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ስፍራ ያለው ሰው የሌላውንም ስፍራ ማክበር ይገባዋል። ሕመሙን እንደ በትር ይዞ ቤቱን የሚገዛ ሰው አለ፤ ይህም መነገር አለበት። ከሁሉ ይልቅ ልናስብላት የሚገባን አስታማሚዋ ናት። በብዙ ቤት ውስጥ አልጋ የምታነጥፈው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ሌሊት የምትነሣው ሴት ልጅ ናት፤ ከትምህርት ቤት የቀረችውም እርሷ ናት፣ ይህም ሳይመከርባት እንዲያው የሆነ ነገር ነው። አባትየው ቢጠየቅ ልጁ ትምህርቷን እንድትቀጥል ይወድ ይሆናል፤ ወንድሞቿም በተራ ቢያስታምሙ አይሞቱም።

ደግሞ ቃል የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ሰውየው ራሱን ሲስት፣ ወይም ሕፃን ሲታመም፣ የሚወስነው ሌላ ነው፤ በዚያን ጊዜም ሰውየው ሲናገር ሳለ የሚወድደውን የሚያውቅ ሰው ከባለገንዘቡ ይልቅ ሊሰማ ይገባል። የምክር ጊዜ የማይገኝበት ቀንም አለ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መተከልን በመታው መከራ ብዙ ሰው ወደ ቻግኒና ወደ ሌላውም ስፍራ ሲሸሽ፣ ሕመምተኛው ትወዳለህን ተብሎ ሊጠየቅ በማይችልበት ሰዓት በቃሬዛ ወይም በሰው ጀርባ ወጥቷል። ያ የአስገዳጅ ቀን ሥርዓት ነው፤ ጊዜ ባለን ቀን ግን ልማድ ልናደርገው አይገባም።

የሕመምተኛውን ስፍራ የሚያስታውሰን ሌላው ምስክር ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 የሕሙማንን ዓለም አቀፍ ቀን ሲመሠርቱ ከወሰኑት በላይ በገዛ ሕመማቸው አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 2005፣ በትንሣኤ በዓል፣ በመስኮት ሆነው ለመናገር ሞከሩ፤ ድምፅ ግን እንቢ አላቸው። ዝም ብለው በእጃቸው ባረኩ። ከስድስት ቀን በኋላ ዐረፉ። ያን ቀን ከሕዝብ ቢሰወሩ ኖሮ ለክብራቸው ይሻል ነበር ያሉ ነበሩ፤ እኔ ግን እንደ ያዕቆብ እጅ ሆኖ ይታየኛል። በእኛም ምድር አቡነ ያዕቆብ ብለን የምንጠራቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1860 በሐላይ አቅራቢያ በመንገድ ላይ በንዳድ ሲያርፉ ሰዓታቸው እንደ ደረሰ አውቀው ነበር፤ በዙሪያቸው ለተሰበሰቡት ደቀ መዛሙርት የመጨረሻውን ምክር የሰጡት ራሳቸው ነበሩ።

ለካቴኪስቶቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ስለ ሕሙማን ቅብዐት ሲጽፍ (5፡14) የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራ ያዘዘው ሕመምተኛውን ራሱን ነው፤ ቤተ ሰቡን ወይም ጎረቤቱን አላለም። ጌታችንም ዕውሩን በርጤሜዎስን ምን ላድርግልህ ብሎ ጠየቀው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውንም መዳን ትወዳለህን አለው። መልሱ የተሰወረበት ሆኖ አይደለም። ስለዚህ ለምሥጢረ ቀንዲል ካህን ጥሩ ተብላችሁ ስትላኩ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ወደ ውስጥ ገብታችሁ፣ ዘመዶቹ ጥቂት ፈቀቅ እንዲሉላችሁ ለምናችሁ፣ ከአልጋው አጠገብ ዝቅ ብላችሁ በሚያውቀው ቋንቋ ጠይቁት። ካህኑ እንዲመጣ ትወዳለህን? ዛሬ ይምጣ ወይስ ነገ? ከልጆችህ ማን አብሮህ ይሁን? ምናልባት መልሱን ለመስጠት ጊዜ ይወስድ ይሆናል፤ በቅርብ ጊዜ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለምና። እስኪናገር ድረስ ጠብቁት።